«የእህቴ ልጅ ለምርጫ አዋጡ አለን፣ እንላክ ወይ?»

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፣ የጅማ ገጽ

ባለፈው እትም የአሜሪካ ስቴቶች ምርጫ ላይ ገንዘብ እንዴት እንደሚዞር ነካ አድርገን አልፈን ነበር፣ ከዛ ወዲህ ከጅማ ብቻ የመጣው ጥያቄ አምዱን ስለሞላው የዛሬውን ሙሉውን ለጅማ ሰጥተነዋል። ማን ለእጩ ይሰጣል፣ ስንት ይሰጣል፣ እጩውስ ምን ላይ ያወጣዋል ነው የብዙዎቹ ጥያቄ፣ ብዙ ቤት ሚኒሶታና ቨርጂኒያ ዘመድ ስላለ አይገርምም። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጽፈናል። የአሜሪካውን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የኛን ደግሞ ዓ.ም. ብለን ነው ያስቀመጥነው።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የታላቅ እህቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ ዜግነትም አግኝቷል። ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደር የኛ አገር ልጅ አለ ብሎ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ጻፈልን፣ ጅማ ያላችሁትም አቅማችሁ የፈቀደውን አዋጡ፣ ለኔ ላኩልኝና እኔ በስሜ አስገባዋለሁ አለ። ወንድሜ እሺ ብሏል፣ እኔ ግን ሆዴ ፈራ። ምን ይሻላል?» (ከሄርማታ መርካቶ)

መልስ፦ እትዬ፣ ሆድዎ የነገረዎት እውነት ነው፣ እንዳይልኩ። ወንድምዎንም ዛሬውኑ ይንገሩት።

በአሜሪካ ምርጫ ብዙ ነገር ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ይሄኛው ግን በፌዴራል ሕግ ለሁሉም የተደነገገ ነው፣ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ለየትኛውም የአሜሪካ ምርጫ መዋጮ መስጠት አይችልም። የትኛውም ሲባል ፕሬዝዳንቱና ኮንግረሱ ብቻ እንዳይመስልዎት፣ የስቴት ገዥ፣ የስቴት ምክር ቤት፣ ከንቲባ፣ እስከ ትምህርት ቤት ቦርድ ድረስ ይገባበታል። ትንሽ ናት ብሎ ነገርም የለም፣ አምስት ዶላርም ክልክል ነው። ደግሞ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዋጋ ያለውን ነገር በሙሉ ነው የሚከለክለው፣ ስለዚህ «ብር ካልተቻለ ለዝግጅታቸው አስር ኪሎ የሊሙ ቡና ልላክላቸው» ብለው አስበው ከሆነ እሱም ይቅር።

«በስሜ አስገባዋለሁ» ያለው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሕጉ የሚለው በቀጥታም ሆነ በሌላ ሰው በኩል ነው፣ በልጁ እጅ ስላለፈ የናንተ ገንዘብ የሱ አይሆንም። እና አደጋው ጅማ ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ምክንያቱም ሕጉ ሰጪውን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ከውጭ ሰው መዋጮ የጠየቀውንም፣ የተቀበለውንም፣ እያወቀ ያመቻቸውንም ይይዛል። የሰው ገንዘብ በራስ ስም ማስገባት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። እጩውም ቢሆን ምንም ሳያውቅ «ከውጭ አገር ገንዘብ ገባለት» ተብሎ ስሙ ይነሳል፣ ለአዲስ እጩ፣ በተለይ ከስደተኛ ቤተሰብ ለመጣ እጩ፣ ከዚህ የከፋ ወሬ የለም። ልጁ በክፋት አደረገው አልልም፣ እኛ ለሠርጉም ለለቅሶውም በዘመድ እጅ ማዋጣት የለመድን ሰዎች ነን፣ ይሄም እንደዛ መስሎት ነው፣ ግን አይደለም በሉት።

በዚሁ ጉዳይ ተከራክሮ የተሸነፈ ሰው አለ። ቤንጃሚን ብሉማን የሚባል ካናዳዊ የሕግ ባለሙያ በሥራ ቪዛ ኒውዮርክ እየኖረ ለኦባማ፣ ለአንድ የኮንግረስ አባል እና ለአንዲት የኒውዮርክ ስቴት ሴናተር መዋጮ ልስጥ፣ በራሪ ወረቀትም አትሜ ሴንትራል ፓርክ ላይ ላድል ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። አይቻልም ተባለ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2012 ውሳኔውን አጸናው። ምክንያቱ ደግሞ የሚገባ ነው፣ የአንድ ሕዝብ ራስን የማስተዳደር ሥራ የዛው ሕዝብ ነው የሚል። እዛው አገር በሕጋዊ ቪዛ የሚኖር ሰው ከተከለከለ ጅማ ያለ ሰው እንዴት ይፈቀድለታል።

የሚቻል ነገርስ የለም ወይ ካሉ አለ፣ ያለ ክፍያ ጉልበትን መስጠት አይከለከልም። ሚኒያፖሊስ ላሉ ዘመዶችዎ ደውለው «ተመዝገቡ፣ ውጡና ምረጡ» ቢሉ ማንም አይጠይቅዎትም።

ጥያቄ፦ «እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ለረፍት ነው ጅማ የመጣሁት። ከዚህ ሆኜ በካርዴ ብሰጥ ችግር አለው?» (ከጅሬን)

መልስ፦ ችግር የለውም። ዋናው ያለህበት ቦታ ሳይሆን የያዝከው ወረቀት ነው፣ ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፣ በራስህ ገንዘብና በራስህ ስም ከሆነ ማለት ነው። በስቴት ምርጫ ግን ድምፅ መስጠት አትችልም፣ ሁለቱን እንዳታምታታ፣ ያለ ዜግነት የመራጭነት ምዝገባ ላይ መግባት ከአገር እስከመባረር ያደርሳል።

ጥያቄ፦ «የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አጎቴ ቨርጂኒያ ሆኖ እዚህ ሀብታም የፈለገውን ያህል ለእጩ ይሰጣል ይለኛል፣ ሚኒሶታ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ እኛ ጋ ጣሪያ አለው ትላለች። አንድ አገር አይደለም እንዴ? ጣሪያ ካለስ እንደዛ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከየት ይመጣል? ምን ላይስ ነው የሚያወጡት?» (ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ ወንድሜ ሁለቱም ልክ ናቸው። የፌዴራሉ የመዋጮ ጣሪያ የሚሠራው ለፕሬዝዳንት፣ ለሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ገዥውንና የስቴቱን ምክር ቤት ግን እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ሕግ ነው የሚገዛው። ቨርጂኒያ ላይ ጣሪያ የለም፣ ግለሰብም ኩባንያም ያሻውን ይሰጣል፣ ማሳወቅ ብቻ ነው ያለበት። ቴክሳስ ላይም ግለሰብ ለገዥ ወይም ለምክር ቤት እጩ ያለ ገደብ ይሰጣል፣ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ባለበት ጊዜ ግን መቀበል ክልክል ነው፣ ሕግ እያወጡ እጅ መዘርጋት አይሆንም በሚል። ሚኒሶታ ጣሪያ አላት። ቬርሞንት ደግሞ በጣም ዝቅ አድርጋው ነበር፣ ለገዥ 400፣ ለስቴት ሴኔት 300፣ ለታችኛው ምክር ቤት 200 ዶላር፣ ያውም ለሁለት ዓመት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006 ይሄማ አዲስ እጩ ጭራሽ እንዳይወዳደር ያደርጋል ብሎ አፈረሰው። ከዛ በፊት በ2000 ግን የሚዙሪን 1,075 ዶላር ጣሪያ ይሁን ብሎ ነበር። ስለዚህ ጣሪያ ማድረግ ይቻላል፣ መጠኑ ግን ወደ ምንም መውረድ የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው ዋናው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 አንድ ውሳኔ ሰጠ፣ ዛሬ የምታየው ነገር በሙሉ ከሷ ነው የሚነሳው። ለእጩ የሚሰጥን ገንዘብ መገደብ ይቻላል አለ፣ ምክንያቱም ትልቅ ስጦታ የተቀበለ ሰው ውለታ ይሰማዋል፣ ሙስና ይመጣል። ለቅስቀሳ የሚወጣን ገንዘብ ግን በግድ መገደብ አይቻልም አለ፣ እሱ የመናገር መብት ነው ብሎ። በቃ፣ መግቢያው ላይ በር ተሠራ፣ መውጫው ክፍት ቀረ። ሀብታም እጩ የራሱን ገንዘብ እንደፈለገ ያወጣል። እጩ ያልሆነ ሰው ደግሞ ለእጩው አልሰጥም፣ በራሴ በኩል ማስታወቂያ እሠራለታለሁ ካለ፣ ከእጩው ጋር እስካልተመካከረ ድረስ፣ ገደብ የለበትም። በ2010 ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራትም ይሄው መብት ተሰጣቸው፣ ሱፐር ፓክ የሚባሉት፣ ለእጩው ሳይሰጡ በራሳቸው በኩል ያለ ገደብ የሚሰበስቡና የሚያወጡ ኮሚቴዎችም ወዲያው ተከተሉ። አለመመካከር የሚባለውን ነገር እኔ በግሌ ብዙም አላምነውም፣ እጩው ፎቶውንና እንዲባልለት የሚፈልገውን ነገር ድረገጹ ላይ በይፋ ያስቀምጣል፣ ያኛው ወገን አንስቶ ይጠቀምበታል፣ ስልክ መደዋወል አያስፈልግም። አዌቱን በድንጋይ ብትዘጋው በጎን ዞሮ እንደሚወርደው ነው።

የሞንታናን ታሪክ ደግሞ ልንገርህ፣ እኔ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉም በላይ የምመለስበት እሱ ነው። ሞንታና የመዳብ አገር ነበረች፣ ዊልያም ክላርክ የሚባል የመዳብ ባለሀብት ነበር። ያኔ ለዋሽንግተኑ ሴኔት ሰው የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን የስቴቱ ምክር ቤት ነበር፣ እና ክላርክ በ1899 የምክር ቤቱን አባላት በገንዘብ ገዝቶ ተመረጠ፣ ነገሩ ሲመረመር የሴኔቱ ኮሚቴ ምርጫው ዋጋ የለውም አለ፣ እሱም ከመባረሩ በፊት በ1900 ለቀቀ። የሚያሳዝነው በ1901 እንደገና ተመርጦ ገባ። አናኮንዳ የሚባለው የመዳብ ኩባንያ ደግሞ የስቴቱን ትላልቅ ጋዜጦች ይዞ እስከ 1959 ቆየ፣ አስበው፣ ገንዘቡም እነሱ ጋ፣ ወሬውም እነሱ ጋ። ሕዝቡ ሲመረው በ1912 ራሱ በድምፁ ሕግ አወጣ፣ ኩባንያ በስቴት ምርጫ ላይ ገንዘብ እንዳያወጣ። ይሄ ሕግ 100 ዓመት ኖረ። የሞንታና ጠቅላይ ፍርድ ቤትም የኛ ታሪክ የተለየ ነው ብሎ ሊያድነው ሞከረ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2012 ክርክር እንኳን ሳይሰማ 5 ለ 4 ሻረው። ሞንታናዎች ምን አደረጉ? በ2015 ሌላ ሕግ አወጡ፣ አታውጡ ማለት ካልቻልን ማን እንዳወጣ እንወቅ የሚል፣ በምርጫ ላይ ገንዘብ የሚያፈስ ቡድን ሁሉ ሰጪውን እንዲያሳውቅ። እኔ ይሄን በጣም ነው የማከብርላቸው። ሕጋቸው ቢፈርስም ተስፋ ቆርጠው ቤታቸው አልገቡም፣ የቀረችላቸውን አንዷን ነገር፣ የሰጪውን ስም፣ አጥብቀው ያዙ። ጣሪያው 500 ሆነ 5,000 ለኔ ያን ያህል አያስጨንቀኝም፣ ስሙ የማይታወቅ ገንዘብ ነው የሚያስፈራኝ።

ምን ላይ ያወጡታል ላልከው፣ ትልልቁ ውድድር ላይ አብዛኛው ለቲቪና ለኦንላይን ማስታወቂያ ነው፣ ከዛ ለፖስታ፣ ለሠራተኛ ደሞዝ፣ ለቴክስትና ለስልክ፣ ቤት ለቤት ለሚዞሩ ልጆች። ለአንድ ወረዳ የምክር ቤት ወንበር የሚወዳደር ሰው ቲቪ ላይ ብዙም አያወጣም፣ እግሩና ፖስታው ነው መሣሪያው።

ጥያቄ፦ «አሰላሙ አለይኩም። እኔ የቡና ነጋዴ ነኝ፣ በንግድ ዓለም ካፒታል ያለው ነው የሚያሸንፈው። እዛስ? ገንዘብ ያፈሰሰ ሁሌ ያሸንፋል ወይ?» (ከአጂፕ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ጋሼ። ሁሌ አያሸንፍም።

በ2018 ጄ ቢ ፕሪትዝከር የሚባል ቢሊየነር ለኢሊኖይ ገዥነት ሲወዳደር ከራሱ ኪስ 171 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣና አሸነፈ፣ የተሸነፈው ተፎካካሪውም ገንዘብ የቸገረው አልነበረም። በ2010 ደግሞ ሜግ ዊትማን፣ የኢቤይ ኩባንያ መሪ የነበረችው፣ ለካሊፎርኒያ ገዥነት 144 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የራሷን ገንዘብ አፈሰሰችና በጄሪ ብራውን ተሸነፈች፣ የሱ ካምፔይን ያወጣው ከሷ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነበር። ብራውንን ሕዝቡ ለብዙ ዓመት ያውቀዋል፣ ቀድሞም ገዥ ነበር።

የዊስኮንሲኑን የ2025 ምርጫ ሰምተው ይሆናል። ለስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት የዳኛ ወንበር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣባት፣ ልብ ይበሉ፣ ለአንድ ዳኛ። ኢሎን መስክና ከሱ ጋር የተያያዙ ቡድኖች ብራድ ሺመል ለሚባለው እጩ ከ20 ሚሊዮን በላይ አወጡ፣ መስክ ራሱ ግሪን ቤይ ከተማ ሄዶ ለሁለት መራጮች የአንድ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ ሰጠ። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን ሱዛን ክሮፎርድ በ10 ነጥብ ገደማ ልዩነት አሸነፈች። የሷም ወገን ቢሆን ድሃ አልነበረም፣ ትላልቅ ባለሀብቶች በሁለቱም በኩል ነበሩ። እዛ ስቴት አንድ ሰው ለእንደዚህ ያለ እጩ በቀጥታ መስጠት የሚችለው 20,000 ዶላር ነው፣ ለፓርቲው ግን ያለ ገደብ ይሰጣል፣ ፓርቲው ደግሞ ያለ ገደብ ለእጩው ያስተላልፋል። ታዲያ 20,000ው ምኑ ጣሪያ ሆነ? ይሄ ሕግ እኔን ያናድደኛል፣ ወረቀት ላይ ገደብ ያለ ይመስላል፣ ሰው ያንን አንብቦ ይረጋጋል፣ ገንዘቡ ግን በሌላ በኩል ደርሷል።

ገንዘብ በደንብ የሚሠራው የት ነው ካሉኝ ሰው ብዙ በማያውቀው ጉዳይ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ በ2020 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ የሚወስነው አንድ ሕግ ቀርቦ ነበር፣ የኡበርና የሊፍት ሹፌሮች ቅጥር ሠራተኛ ናቸው ወይስ በራሳቸው የሚሠሩ በሚል። ኩባንያዎቹ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡና በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው የሚለው በ58 ከመቶ ገደማ አለፈላቸው። እንደዚህ ያለ የሕዝብ ውሳኔ ላይ እጩ የለም፣ ውለታ የሚሰማው ሰው የለም ስለተባለ የመዋጮ ጣሪያም አይደረግበትም። ሹፌሩ አበሻ ብዙ ስለሆነ ይሄ የኛንም ዘመድ ኪስ የነካ ነገር ነው። ደንበኛ የለመደውን ቡና በማስታወቂያ አያስቀይሩትም፣ ቀምሶት የማያውቀውን ግን በማስታወቂያ ይሸጡለታል፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል።

ጥያቄ፦ «ዳኛ በምርጫ? ያውም በተዋጣ ገንዘብ? በኋላ ገንዘብ ከሰጠው ሰው ጋር የምከራከር ከሆነስ?» (ከመንደራ ቆጪ)

መልስ፦ እህቴ ይሄው ያልሽው ነገር ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ በትክክል ደርሷል። ማሲ የሚባል የድንጋይ ከሰል ኩባንያ በ2002 ለተበዳዩ 50 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኙ ወደ ስቴቱ የበላይ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት በ2004 የዳኞች ምርጫ ነበር፣ የኩባንያው አለቃ ዶን ብላንከንሺፕ ብሬንት ቤንጃሚን የሚባለውን እጩ ለማስመረጥ ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከዛ ውስጥ በቀጥታ ለእጩው የሰጠው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 1,000 ዶላር፣ ሕጉ የሚፈቅደውን ብቻ። የቀረው በሙሉ በሌላ ቡድን በኩልና በራሱ ማስታወቂያ ነው። ቤንጃሚን ተመረጠ፣ ከመዝገቡ ተነሳ ቢባል እምቢ አለ፣ የ50 ሚሊዮኑ ፍርድ 3 ለ 2 ተሻረ፣ ከሻሩት ሦስቱ አንዱ እሱ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009፣ 5 ለ 4፣ ይሄ ዳኛ መነሳት ነበረበት ብሎ ወሰነ። አራቱ ዳኞች ግን ይሄንንም አልተስማሙበትም፣ እኔ እስከዛሬ አይገባኝም።

እኛ ጋ የክልል ዳኛ የሚሾመው በክልሉ ምክር ቤት ነው፣ በሕዝብ ምርጫ አይደለም። የራሱ ጣጣ አለው፣ የካምፔይን ገንዘብ ግን ቢያንስ እዛ በር ላይ አይቆምም።

ጥያቄ፦ «መምህርት ነኝ። የምታወሩት ሁሉ የሚሊዮን ነው፣ 20 ወይ 50 ዶላር ያለው ሰው በዚህ ውስጥ ምን ዋጋ አለው? እህቴ ሜሪላንድ ናት፣ አስታማሚ ሆና ነው የምትሠራው፣ ምን ብዬ ልንገራት?» (ከጊንጆ)

መልስ፦ ዋጋ እንዲኖረው አድርገው የሠሩ ስቴቶች አሉ፣ እና ይሄን ጥያቄ ስለላክሽልን ደስ ብሎኛል፣ ሁሉም ስለ ቢሊየነሩ ብቻ ሲጠይቅ ነበር።

ኒውዮርክ በ2024 የምክር ቤት ምርጫ ላይ ትንሽ መዋጮን ስቴቱ የሚያባዛበት አሠራር ጀመረች። በወረዳው የሚኖር ሰው ለተመዘገበ እጩ 50 ዶላር ከሰጠ ስቴቱ 12 እጥፍ ይጨምርለታል፣ የአንድ አስታማሚ 50 ዶላር እጩው ጋ ሲደርስ ከ600 በላይ ነው ማለት ነው። ከ250 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው መዋጮ አይባዛም። ይሄ እጩው ማንን ሊያነጋግር እንደሚሄድ ይቀይራል፣ ሆቴል ውስጥ ከሃያ ሀብታም ጋር እራት ከመብላት የሰውን በር ማንኳኳት ያዋጣዋል። ሜይን ደግሞ በ1996 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ቀደም ያለ አሠራር አላት፣ ለታችኛው ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከ60 የወረዳው መራጮች አምስት አምስት ዶላር ይሰበስባል፣ ሰው እንደሚደግፈው ማሳያ ነው፣ ከዛ በኋላ ወጪውን ስቴቱ ይሸፍንለታል፣ እሱም የግል መዋጮ አልቀበልም ብሎ ይፈርማል። በግድ ሳይሆን በውል ስለሆነ ፍርድ ቤቱም አይነካውም። ሚኒሶታ ላይ ደግሞ ለመምረጥ የሚበቃ ነዋሪ ለፓርቲ ወይም የወጪ ገደብ ለፈረመ እጩ የሰጠውን፣ ከ2024 ጀምሮ እስከ 75 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ እስከ 150፣ ደረሰኙን ይዞ ሲያመለክት ስቴቱ ይመልስለታል። ይሄን የማያውቅ ዘመድ ብዙ አለ፣ ገንዘቡ ተመላሽ መሆኑን ንገሯቸው።

እህትሽ ሜሪላንድ ስለሆነች እነዚህ ሦስቱ አይመለከቷትም፣ የራሷን ስቴት አሠራር ትጠይቅ። ከዛ ውጪ፣ ብዙ ሰው የማይወዳደርበትና ቲቪ የማያወራው ትንሽ ምርጫ ላይ 50 ዶላር ብዙ ነው፣ የካውንቲ ምክር ቤት፣ የትምህርት ቤት ቦርድ። ለልጆቿ ትምህርት ቤት የሚወስኑት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ «እኛ ጋ ለጨፌ ኦሮሚያ ምርጫ እንዲህ ያለ የገንዘብ ዝርዝር የማንሰማው ሕግ ስለሌለ ነው ወይስ ገንዘብ ስለሌለ?» (ከሰቶ ሰመሮ)

መልስ፦ ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው ዋናው፣ ከዛ ወዲህ ማሻሻያ ስለተደረገበት ፓርቲ ውስጥ የምትሠሩ ሰዎች የተሻሻለውን ከምርጫ ቦርድ አግኙ። የፓርቲ ገቢ ከአባላት መዋጮ፣ ከአገር ውስጥ ደጋፊ ስጦታና ከመንግሥት ድጋፍ ነው፣ ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ መንግሥትና ከማይታወቅ ምንጭ መቀበል ክልክል ነው፣ በዚህ በኩል ከላይ ለእትዬ ከነገርናቸው ብዙም አይርቅም። መንግሥት የሚሰጠው ድጋፍ ሲከፋፈል ፓርቲው ስንት እጩ አቀረበ፣ ስንት ሴትና ስንት አካል ጉዳተኛ እጩ አቀረበ የሚለው ይታያል። ነፃ የሬዲዮና የቲቪ ሰዓትም ይደለደላል። ፓርቲው ሂሳቡን አስመርምሮ ለቦርዱ ማቅረብ አለበት።

የማንሰማበት ምክንያት ሌላ ነው። እዛ ገንዘቡ በእያንዳንዱ እጩ ስም ነው የሚሰበሰበው፣ እኛ ጋ በፓርቲው ነው። እዛ የስቴቱ ምርጫ በራሱ ዓመት የሚካሄድበት ቦታ አለ፣ ቨርጂኒያ ገዥዋን የምትመርጠው ፕሬዝዳንት በማይመረጥበት ዓመት ነው፣ እኛ ጋ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. እንዳየነው ለክልሉም ለፌዴራሉም በአንድ ቀን ነው፣ የክልሉ ወጪ ለብቻው ተለይቶ አይታይም። ደግሞ እኛ አገር የምርጫ ወጪ ሲባል የባለሀብት ቼክ ብቻ አይደለም መታየት ያለበት፣ የመንግሥት መኪና አለ፣ ነዳጅ አለ፣ አዳራሽ አለ፣ የሠራተኛው የሥራ ሰዓት አለ። ሕጉ የመንግሥት ንብረት ለፓርቲ ቅስቀሳ እንዳይውል ይከለክላል፣ ግን ነዳጁን ዋጋ ተምኖ ደብተር ላይ የሚጽፈው ማነው? እኔ ይሄን ጥያቄ ማንኛውም እጩ ሰፈራችሁ ለስብሰባ ሲመጣ፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ በአክብሮት ብትጠይቁት ደስ ይለኛል፣ በምን መጣህ፣ አዳራሹን ማን ከፈለ፣ ፓርቲህ የኦዲት ሪፖርቱን የት ነው የማነበው። አዲስ አበባ ሄዶ ፋይል ማገላበጥ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፣ ጅማ ላይ ሰው አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ተጠርዞ የቀበሌው ቦርድ ላይ ቢለጠፍ ማንን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ «ሚኒሶታ የሚወዳደረው ልጅ ከማን ገንዘብ እንደተቀበለ እኔ እዚህ ሆኜ ማየት እችላለሁ ወይ? ወይስ ይሄም ለውጭ ሰው ክልክል ነው?» (ከቦሳ አዲስ)

መልስ፦ ማየት አይከለከልም፣ ክፍያም የለውም። ፌዴራል የምርጫ ኮሚሽን ጋ አትፈልጊ፣ እዛ የስቴት እጩ የለም። የሚኒሶታ የካምፔይን ገንዘብ ቦርድ ድረገጽ ላይ ግቢና የእጩውን ስም በእንግሊዝኛ ጻፊ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሰጡ ሰዎች ስም፣ መጠኑና ቀኑ ይወጣልሻል፣ ወጪውም ለማን እንደተከፈለ አለ። ሪፖርቱ በየጊዜው ስለሆነ የሚገባው የዛሬውን ዛሬ አታገኚውም። እጩው ያወጣውን ብቻ አይተሽ አትዝጊው፣ በውድድሩ ላይ ሌሎች ቡድኖች ለብቻቸው ያወጡት በሌላ ዝርዝር ነው ያለው፣ እሱንም ክፈቺው።